ያለ ዲግሪ የሚገባባቸው የእጅ ሙያዎች፦ ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧና ብየዳ በኢትዮጵያ

በአንድ የግንባታ ቦታ ውለው የሚያመሹት አብዛኞቹ ባለሙያዎች የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጡ አይደሉም። ግንበኛው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ ለሳኙ፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የቧንቧ ሠራተኛውና በያጁ ሙያቸውን የሚያገኙት ወይ ከአንድ ዋና ባለሙያ ሥር በረዳትነት ገብተው ነው፣ ወይ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥነው። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱንም ያየ ነው።

የሙያዎቹ ታሪክ በቋንቋቸው ውስጥ ተቀምጧል። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ ናስትሮ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሁሉም ከጣሊያንኛ የገቡ ቃላት ናቸው። የመደበኛ ሥልጠናው ሥር ደግሞ በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ይጀምራል፤ ስሙ በግእዝ «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ ነበርና አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም፤ ዛሬም ቴክኒክና ሙያን «ነጥብ ያልመጣለት የሚገባበት» አድርጎ የሚያይ ወላጅ ብዙ ነው።

የሥልጠናው ሥርዓት በደረጃ የተከፈለ ነው። በየሙያው የተጻፈ የሙያ ደረጃ ሰነድ አለ፤ ሠልጣኙም ከደረጃ 1 ወደ ላይ ይወጣል። ደረጃ 1 እና 2 በሌላ ሰው ክትትል ለሚሠራ፣ ደረጃ 3 እና 4 ሥራውን ራሱ አቅዶ ለሚጨርስ ባለሙያ ናቸው። የመግቢያ ነጥቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በየዓመቱ የሚወጣውን ማስታወቂያ ማየት ግድ ነው። የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር ከጊዜው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲያልፍ ታስቧል። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ይሰነካከላል፦ ተቀባዩ ድርጅት ሠልጣኙን ሻይ ካስላከውና ዕቃ ካሸከመው 70 በመቶው ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው ከሕንፃው ውበት ይልቅ ሠልጣኞቹን የት እንደሚልክ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

በመጨረሻ የሚመጣው በተለምዶ «ሲኦሲ» የሚባለው የብቃት ምዘና ነው። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። ዋናው ጥቅሙ የት እንደተማሩ ሳይሆን ምን እንደሚችሉ መጠየቁ ነው፤ ለዓመታት በረዳትነት የሠራ ሰው ኮሌጅ ሳይገባም ሊመዘን ይችላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚወድቁት በአብዛኛው እጃቸው ሰንፎ አይደለም። ንድፍ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ወይም የደኅንነት ቅደም ተከተሉን ስለሚዘልሉ ነው። በኤሌክትሪክ ሙያ ከዚህ በላይ አለ፦ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የዝርጋታ ሥራን በራሱ ስም የሚወስድ ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ይህን ማረጋገጫ የመስጠት ኃላፊነት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።

የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ከሁሉ በላይ የሚደበቅ ሥራ ስለሆነ ጥሩውና መጥፎው ባለሙያ የሚለያዩት ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው። ሥራው የሚጀምረው በቱቦ ነው። በጣሪያው አርማታ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ሙሌቱ ሳይፈስ ከፌሮው ጋር ይታሰራል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ግን መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ብቻ ይቆፈራል። በሰያፍ የተቆፈረ መስመር ቱቦ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ሥዕል ለመስቀል ምስማር የሚመታው ሰው ሽቦው የት እንዳለ ሊገምት አይችልም። በሁለት የሽቦ ሳጥኖች መካከል ከሁለት በላይ ጥምዝ ካለ ሽቦው ሲሳብ ይያዛል፤ በጉልበት ከተጎተተም ልባሱ ይላጣል።

የሽቦው ውፍረት ጭነት ሲበዛ መስመሩን ከሚያቋርጠው ብሬከር ጋር መስማማት አለበት። ለመብራት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ ለሶኬት 2.5 ከ16 አምፔር ጋር ይሄዳል። የኢትዮጵያን ቤት ልዩ የሚያደርገው ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ይህ ማለት ተራው ሶኬት በአቅሙ ጫፍ ላይ ሆኖ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል ማለት ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይሸታል። መፍትሔው ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ 4 ካሬ ሚሊሜትር መስመር ከ20 ወይም ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ነው። ብሬከሩ በወረደ ቁጥር ሽቦውን ሳይነኩ ብሬከሩን ብቻ በትልቅ መቀየር ግን እሳቱን ከሳጥኑ አውጥቶ ወደ ግድግዳው ማስገባት ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ጥፋት መጋጠሚያ ላይ ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ የቤቱ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለጥቂት ወራት ይሠራል፤ እያደር አሉሚኒየሙ ኦክሳይድ ይሠራል፣ መጋጠሚያው ይግላል፣ መብራቱም መርገብገብ ይጀምራል። ለሁለቱ ብረቶች ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለና እሱን መጠቀም ነው።

ሦስተኛውና ገዳዩ የአርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ጉዳይ ነው። በብዙ ቤቶች የሶኬቱ የአርዝ ጫፍ ባዶ ነው፤ ይባስ ብሎም በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር የሚያገናኙት አሉ። ከቤቱ ውጭ ኒውትራሉ ቢበጠስ የፍሪጁና የምጣዱ ብረት ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል። ትክክለኛው አርዝ መሬት ውስጥ በተተከለ ዘንግ የሚጀምር፣ በቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት የሚደርስ የራሱ መስመር ነው። ከእሱ ጋር 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚወርድ መከላከያ ብሬከር ሲታከል የሰው ነፍስ የሚያድነው ዝግጅት ይሟላል። ሥራው ሲያልቅ መብራት ከመልቀቅ በፊት ዕቃዎቹ ሁሉ ተነቅለው የሽቦው ልባስ ሜገር በሚባለው የ500 ቮልት የልባስ መለኪያ ይለካል፤ ንባቡ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጧል ወይም ውሃ ገብቷል። ለጥገና የሚገባ ሰው ደግሞ ሞካሪውን (ቴስተሩን) መጀመሪያ ኃይል ባለበት መስመር ላይ፣ ከዚያ በሚሠራበት፣ ከዚያ እንደገና ኃይል ባለበት ላይ ይሞክራል። ሞካሪው ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?

ኤሌክትሪሺያን የሚከፈለው በብዛት በፖይንት ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራትና ሶኬት ዋጋ ይቆረጣል። ይህ አከፋፈል ፍጥነትን እንጂ ጥራትን አይሸልምም፤ አርዝ የሚዘለልበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው።

በቧንቧ ሥራ ዛሬ የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ መስመር በአብዛኛው ፒፒአር የሚባለው በሙቀት የሚጋጠም የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ማሞቂያው 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ 5 ሴኮንድ፣ 25 ሚሊሜትሩ 7 ሴኮንድ ይሞቃል፤ ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። ከልክ በላይ ከሞቀ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀዳዳውን ያጠባል፤ ከውጭ ሲያዩት መጋጠሚያው ያምራል፣ ውሃው ግን ይሰንፋል። መስመሩ ሳይለሰን በግፊት መሞከር አለበት። የፍሳሽ ቱቦ በሜትር 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይዘቅዝቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ስለ ሮቶም ማወቅ ግዴታው ነው፦ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፣ ጣሪያ ሁሉ ይችለዋል ማለት አይደለም።

ብየዳን በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ሙያ የሚያደርገው የመነሻው ካፒታል ማነሱ ነው፦ የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደር፣ ጭንብልና ጓንት ካለ የበርና መስኮት ሥራ መጀመር ይቻላል። ለዚህ የሚበዛው 6013 የሚባለው ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ነው፤ 2.5 ሚሊሜትሩ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል። ቀጭን ላሜራ በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከተበየደ ይጣመማል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በነጥብ ይያዛል፣ ከዚያ እየዘለሉ ይበየዳል። ሸክም ለሚይዝ ብረት የሚውለው 7018 ኤሌክትሮድ እርጥበት ከገባበት ብየዳው ይቦረቦራል፣ ይሰነጠቃልም፤ ስለዚህ በሙቀት ሳጥን ይቀመጣል። ከውጭ ያማረ ብየዳ ወደ ብረቱ ያልዘለቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ለመዋቅር ሥራ የሚቀጥር ሰው ናሙና አስበይዶ ማጠፍ አለበት። የገበያ ጥቁር መነጽር ጭንብልን አይተካም፤ ከ10 እስከ 12 ቁጥር መስታወት ያስፈልጋል። ያለ እሱ የበየደ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ማታ ነው፣ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረው።

የመኪና ጥገና መንገድ እየቀየረ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ገበያው ይጠብበታል። የኤሌክትሪክ መኪና ብርቱካናማ ገመዶች በብዙ መቶ ቮልት ይሠራሉ፤ ለከፍተኛ ቮልት የተፈተነ ጓንት ሳይለብሱና የባትሪውን ማቋረጫ ሳይነቅሉ አይነኩም።

ሙያውን ይዞ ወደ ውጭ ለሚሄድ ሰው ወረቀቱ እኩል አይጓዝም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለስምሪት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። በጀርመን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሙያ ሦስት ዓመት ተኩል የሚፈጅ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የሚከፈልበት ሥልጠና ነው፤ መሰናክሉ ቋንቋው ነው። በአሜሪካ ኤሌክትሪሺያን ለመሆን በብዙ ግዛቶች አራት ወይም አምስት ዓመት፣ ወደ 8,000 ሰዓት የሚጠጋ የተለማማጅነት ሥራ ይጠየቃል፣ ከዚያም የፈቃድ ፈተና አለ። እዚያ የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የሽቦ ልኬቱም በካሬ ሚሊሜትር አይደለም፦ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ቀለሙንም እንደ አዲስ መልመድ ያስፈልጋል፤ ኒውትራሉ ነጭ ነው፣ እዚህ በኒውትራልነት የተለመደው ሰማያዊ ግን በንግድ ሕንፃዎች ሦስት ፌዝ መስመር ውስጥ ኃይል ያለው ፌዝ ሆኖ ይገኛል።