አንቲጂፕሲዝም ምንድን ነው?

አንቲጂፕሲዝም ብዙዎች “ጂፕሲ” በሚሏቸው በሮማ ሕዝብ ላይ ያነጣጠረ ዘረኝነት ነው (የጣሊያኗን ከተማ ሮማ ማለቴ አይደለም)። ሮማዎች የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ ከሰሜን ህንድ ተነስተው አውሮፓ የደረሱ ሕዝብ ናቸው። ዛሬ እዚያ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ይገመታል። የሚገርመው፣ አንድም ሮማ ጎረቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ሳይቀር ስለነሱ የሚያወራው አያጣም። ልብ ወለዱ፣ ፊልሙና ዜናው ነግረውታላ!

ለምሳሌ “ልጅ ይሰርቃሉ” የሚለውን ወሬ እንውሰድ። ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1613 ባሳተመው አንድ ታሪክ ውስጥ ቆንጆዋ የሮማ ልጅ በሕፃንነቷ የተሰረቀች የባላባት ልጅ ሆና ትገኛለች።

ከ400 ዓመት በኋላ ይኸው ተረት ዜና ሆኖ መጣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የግሪክ ፖሊስ ፋርሳላ አጠገብ ባለ የሮማዎች ሰፈር አንዲት ፀጉረ ወርቃማ ሕፃን አገኘ። ዲኤንኤዋ ከአሳዳጊዎቿ ጋር አልገጠመም። በቃ፣ “ተሰርቃለች” ተባለ፤ ፎቶዋም ዓለምን አዳረሰ። ወሬው አየርላንድ ሲደርስ አንድ ሰው ለቴሌቪዥን ጋዜጠኛ በፌስቡክ ጥቆማ ላከ፤ ጋዜጠኛውም ለፖሊስ አስተላለፈ። ፖሊስ ደብሊን ውስጥ ከአንድ የሮማ ቤተሰብ የሰባት ዓመት ልጅ ወሰደ። አትሎን በምትባል ከተማ ደግሞ የሁለት ዓመት ሕፃን ተወሰደ። ጥፋታቸው ነጣ ማለታቸው ነው። ሁለቱም የገዛ ወላጆቻቸው ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ተመለሱ። የግሪኳም ሕፃን ወላጆች ቡልጋሪያ የሚኖሩ ሮማዎች ነበሩ። ያን ሁሉ ጩኸት ያነበበ ሰው ግን ይህን መጨረሻውን አንብቦት ይሆን? እጠራጠራለሁ።

ሙገሳ የሚመስለው ወሬም ቢሆን ያው ተረት ነው። ቫዮሊን፣ ጥንቆላ፣ በጋሪ መንከራተት። አብዛኞቹ ሮማዎች እኮ እንደማንኛውም ሰው ቤት ይዘው የሚኖሩ ናቸው።

ታዲያ በዚህ መሀል “ሮማ ነኝ” ማለት ቀላል አይደለም። ሮማኒያ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ ስታካሂድ ሮማ ነን ያሉት 620 ሺህ ያህል ነበሩ፤ የአውሮፓ ምክር ቤት ግምት ግን 1.85 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ መገለልን መፍራት ነው። ሐኪሙና አስተማሪዋ ማንነታቸውን ሲደብቁ ካሜራው ፊት የሚቀረው መንገድ ዳር የሚለምነው ነው። ዜናውም እሱኑ መልሶ መላልሶ ያሳያል።