ወንበር፦ የቃሉ ትርጉምና አገልግሎት

ወንበር በአማርኛ በመጀመሪያ ትርጉሙ መደገፊያ ያለውን መቀመጫ የሚጠራ ቃል ነው። «መንበር» ከሚለው የግእዝ ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ መንበር ደግሞ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ከሆነው «ነበረ» የወጣ ነው። መቀመጥና መኖር በቋንቋችን ዛሬም አልተለያዩም፤ «የት ነው የምትቀመጠው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው የሰፈሩን ስም ነው። መንበር የሚለው ጥንታዊ መልክ መንበረ ታቦት፣ መንበረ ፓትርያርክና ሊቀ መንበር በሚሉት ስሞች ውስጥ ቀርቷል።

በቀድሞው ቤት ግን መቀመጫው ከወንበር ይልቅ መደብ፣ አጎዛ፣ ቁርበትና በርጩማ ነበር።

ቃሉ እጅግ የከበረ ትርጉሙን ያገኘው በቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ወንበር ሲባል የመምህሩ የማስተማር ሥልጣንና ጉባኤው ማለት ነው፤ «ወንበር ዘርግቷል» የሚባለው መምህር የተቀመጠው ከዛፍ ሥር በድንጋይ ላይ ሊሆን ይችላል። ተማሪው የምግብ መያዣ ከረጢቱን አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ከመምህር ወደ መምህር ሲዘዋወር ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርቶች ድጓን የተማረው ለማስመስከር፣ ማለትም በምስክርነት ለመመረቅ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን የተማረው ደግሞ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። መምህሩ ሲደክም ወይም ሲያርፍ ከደቀ መዛሙርቱ የላቀው ወንበሩን ይረከባል፤ ይህ ቅብብሎሽ ያለ ደመወዝና ያለ ሕንፃ ለዘመናት መዝለቁ ሊደነቅ የሚገባው ነው።

በንጉሡ ዘመን ፍርድ ቤት ወንበር የሚለው ስም ከዕቃው ወደ ሰው ተሻግሮ ዳኛውን ራሱን ይጠራ ነበር። የንጉሡ ሥልጣን ግን በአልጋ ይጠራ ስለነበር ተተኪው አልጋ ወራሽ ተብሏል።

በዛሬው ፖለቲካ ወንበር የምክር ቤት ውክልና ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም አናሳ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ መቀመጫ እንዲኖራቸው ደንግጓል። «ለወንበሩ ነው» የተባለለት ሰው በሥልጣን ጥመኝነት መታማቱ ነው።

በሚኒባስ ታክሲ ቃሉ ወደ ዕቃነቱ ይመለሳል። ከሾፌሩ ጎን ያለው ስፍራ ጋቢና ሲባል፣ ከወንበሩ ቁጥር በላይ የተሳፈረው ሰው ትርፍ ይባላል፤ ትርፍ የጫነ ሾፌር በትራፊክ ፖሊስ ቢያዝ ይቀጣል።