የሳንቲም ማረጋገጫ ስቲከር ምንድን ነው? ለጠገራና ለምኒልክ ብርስ ይጠቅማል?

አሮጌ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ማረጋገጫ የሚባለው ሁለት እርከን አለው። የመጀመሪያውን የሚሰጡት እንደ ፒሲጂኤስ (እ.ኤ.አ. 1986) እና ኤንጂሲ (1987) ያሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ያጣራሉ፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል፣ ከዚያ መለያ ቁጥር ባለው ግልጽ ፕላስቲክ ያሽጉታል። 60 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሳንቲም ገበያ ላይ ሳይገላበጥ የቆየ ነው። ሁለተኛው እርከን እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ሲኤሲ የተባለ ሌላ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሲኤሲ የታሸገውን ሳይከፍት ደግሞ ያየዋል፤ ለተሰጠው ደረጃ የሚመጥን ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያም በላይ ይገባው ነበር ካለ ወርቃማ ስቲከር ይለጥፍበታል። ካላሳመነው ባዶውን ይመልሰዋል።

ደረጃ ከተሰጠ በኋላ ሌላ ዓይን ለምን አስፈለገ? 64 የተባሉ ሁለት ሳንቲሞች እኩል ስላልሆኑ ነው። አንዱ 65 ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ሌላው ከ63 ለጥቂት ያመለጠ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ከ64 ወደ 65 ሲሻገር በሚዘልል ሳንቲም ላይ ይህ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ነው፤ በፎቶ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰውም ለእርግጠኝነቱ ጨምሮ ይከፍላል። ጭማሪው ግን ሁሉም የስቲከሩ አይደለም። ስቲከር የሚያገኙት ቀድሞውንም የተሻሉት ናቸውና፣ ከፊሉ ያለ ስቲከርም ዓይን ያለው ገዢ ይከፍለው የነበረ ነው። ጉዳቱ የሚያርፈው በሌሎቹ ላይ ነው፦ ስቲከር የሌለውን ያየ ገዢ «ተልኮ ተመልሶ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል፣ ባለቤቱ ጨርሶ ልኮት ባያውቅም።

ወደ ወሎ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ስቲከሩ የተጀመረው ለአሜሪካ ሳንቲሞች ነው፤ በባቲ የሰኞ ገበያ ወይም ደሴ ውስጥ እጅ ላይ የሚገኘው ደግሞ ጠገራና አልፎ አልፎ የምኒልክ ብር ነው። ጠገራ ሁሉ 1780 ይላል፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሆኖ በዚያው ቀረ እንጂ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እየመቱት ኖረዋል። ስለዚህ «ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው» የሚለው የሻጭ ወግ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው፤ ለተራው ጠገራ ዋጋ የሚቆርጥለትም ይኸው ብር ነው። ለምርመራና ለፖስታ የሚወጣው ወጪ ከሚጨምረው ዋጋ ይበልጣል።

ከዚህም በላይ የአካባቢያችን ጠገራ ብዙው የአንገት ጌጥ ሆኖ ቆይቷል። ማንጠልጠያ የተበየደበት፣ የተበሳ፣ በአመድና በሎሚ የተፈተገ ሳንቲም የደረጃ ቁጥር አያገኝም፤ «እውነተኛ፣ ግን የተጎዳ» ተብሎ ነው የሚታሸገው። ማንጠልጠያውን ማስነቀል አያድነውም፤ የብየዳው ጠባሳ ጠርዙ ላይ ይቀራል። ማጽዳት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፦ በመብራት ሥር ሲያጋድሉት ባንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ቀጫጭን ጭረቶች ወዲያው ይታያሉ።

እውነተኛነቱን በመጠኑ እቤት ማጣራት ይቻላል። 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይፈልጉ። ሳንቲሙን በደረቁ ይመዝኑ። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ወደ ዜሮ ይመልሱት፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ታችና ጎን ሳያስነኩ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። የመጀመሪያውን ክብደት ለአሁኑ ንባብ ሲያካፍሉት ለጠገራም ለምኒልክ ብርም 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። ሙሉ ክብደት ያለው ጠገራ ውኃው ውስጥ 2.75 ግራም ገደማ ያሳያል፤ ነሐስ ከሆነ 3.3 ይደርሳል። ሥሩ የተጣበቀ የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ታች ከነካ ደግሞ ልኬቱ ከንቱ ነው፤ ማንጠልጠያ ያለበትም ያሳስታል። ከብር የተሠራ አስመሳይ ይህን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ የጠገራውን ጠርዝ ይዩ፤ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ በጌጥ መካከል ጎልቶ መታየት አለበት።

የሚያስልከው እንግዲህ የምኒልክ ብር ነው፤ ያውም ያልተበሳ፣ ያልተፈተገ፣ የዘውዱና የአንበሳው ጎፈር መስመር ያልጠፋ ሲሆን። ላዩ ላይ 1887 የሚል ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ሻጮች እ.ኤ.አ. 1894 ወይም 1895 ብለው ነው የሚመዘግቡት፣ ዋጋ ሲፈልጉ በዚያ ይፈልጉ። ለዚህ ብር ገዢ የሚከፍለው ለእሽጉና ለደረጃው ነው፤ ስቲከር አይጠብቅም። የታሸገ ሲገዙም መለያ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ያስገቡ፣ ፎቶ ካለው ጭረቱን ከጭረቱ ያስተያዩ፤ ፕላስቲኩም ተመሳስሎ ይሠራልና።

ከመላክዎ በፊት ግን የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ቅርስ ከአገር የሚወጣው በፈቃድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ፖስታ ቤት ወይም ኤርፖርት ላይ የተያዘ ሳንቲም ደረጃውም ዋጋውም ለባለቤቱ አይተርፍም።