የቀጥታ ስርጭት ድርጅት ለድርጅት በሚሸጥበት ንግድ

ድርጅት ለድርጅት የሚሸጥበት ንግድ፣ ማለትም አምራች ለአከፋፋይ፣ የሶፍትዌር ኩባንያ ለባንክ፣ ማሽን ሠሪ ለፋብሪካ የሚያቀርብበት ግብይት፣ ከሱቅ ሽያጭ በብዙ ነገር ይለያል። ገዥው አንድ ሰው አይደለም። ጥያቄውን የሚያነሳው መሐንዲሱ፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው የፋይናንስ ኃላፊው፣ ሰነዱን የሚመረምረው የግዥ ክፍሉ ነው፤ ውሉን የሚፈርመው ደግሞ ሌላ። ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ፊርማው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያልፋል። የቀጥታ ስርጭት በዚህ ረጅም ሂደት ውስጥ ያለውን ድርሻ ብዙዎች ይስቱታል፤ የሚታያቸው ካሜራ ፊት ቆሞ «ሊያልቅ ነው፣ ፍጠኑ» የሚለው የችርቻሮ አሻሻጭ ነውና። የማተሚያ ማሽን ለመግዛት የተሰየመን ኮሚቴ «ፍጠኑ» ማለት ግን ትርፉ ድካም ነው። እዚህ ከስርጭቱ የሚገኘው ክፍያ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ገዥውን የሚያሳስበውን ነገር ስለሚያሳይ ለሻጩ ከጭብጨባ ይበልጥበታል።

የአሠራሩ መነሻ ዌቢናር፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሰጥ ገለጻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዌብኤክስ፣ ኋላም በ2011 የተመሠረተው ዙም፣ ስላይድ እያሳዩ በርቀት ማብራራትን የቢሮ ልማድ አደረጉት። ሊንክድኢን በ2019 የቀጥታ ቪዲዮን በሙከራ ሲጀምር ስርጭቱ ባለሙያዎች ወደሚውሉበት መድረክ ገባ። በቻይና ደግሞ የአሊባባ ኩባንያ የሆነው ታኦባኦ በ2016 የቀጥታ ሽያጭን ለችርቻሮ ገበያ አቅርቦ ነበር፤ ልማዱ ወደ ጅምላ አቅራቢዎች ለመሻገር ብዙ አልዘገየም።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በጀርመን የሚካሄደው የሐኖቨር የኢንዱስትሪ ትርዒት በዚያ ዓመት ተሰረዘ፤ በ2021 የተካሄደው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ከ1957 ጀምሮ በቻይናዋ ጓንግዡ ከተማ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ደግሞ 127ኛውን ዙር ከጁን 15 እስከ 24 ቀን 2020 ሙሉ በሙሉ ወደ ኢንተርኔት አዞረው። ወደ 25,000 የሚጠጉ አቅራቢዎች የየራሳቸው የቀጥታ ስርጭት ክፍል ተሰጣቸው፤ መድረኩም ሌት ተቀን ክፍት ነበር። በአካል በሚካሄድ ትርዒት ገዥ በመተላለፊያው ሲሄድ ዓይኑ ያረፈበት ዳስ ይገባል፤ በስክሪን ላይ ግን ስሙን የማያውቀውን ድርጅት የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። የሻጩ ቀን ለገዥው ሌሊት ሊሆን መቻሉ ሌላው ጣጣ ነው። ስለዚህ ስርጭት ብቻውን ገዥ አያመጣም፤ ቀድሞ በኢሜይል፣ በስልክ ወይም በሽያጭ ሠራተኛ የተጋበዘ ሰው ሲኖር ነው የሚሠራው።

ከስርጭት ዓይነቶች መካከል የምርት ማሳያ፣ የባለሙያዎች ውይይት፣ የነባር ደንበኛ ምስክርነትና የአጠቃቀም ሥልጠና የተለመዱ ናቸው። ከሁሉም ይበልጥ ልብ የሚባለው ግን የፋብሪካ ጉብኝት ነው። አስመጪ አቅራቢውን አይቶት የማያውቅ ከሆነ ትልቁ ሥጋቱ ዋጋ አይደለም፤ ፋብሪካው በእርግጥ መኖር አለመኖሩ ነው። በድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ከማንም ሊወሰድ ይችላል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ግን ገዥው «ካሜራውን ወደ ግራ አዙሩልኝ፣ ያንን ማሽን ዝጉና እንደገና አስነሱት» ማለት ይችላል። ያልተዘጋጁበት ጥያቄ ሲመለስ ማየት ከተዋበ ብሮሹር የበለጠ ያሳምናል። ናሙና መመርመርንና የሦስተኛ ወገን ፍተሻን ግን አይተካም።

እዚህ ላይ ቀድሞ ተቀርጾ «ቀጥታ» ተብሎ የሚለቀቀው ቪዲዮ ይነሳል። ብዙ ኩባንያዎች ስህተትን ፈርተው ይጠቀሙበታል። ባለሙያ ተቀምጦ በዚያው ሰዓት ጥያቄ የሚመልስ ከሆነ ጉዳት የለውም፤ መላሽ ከሌለ ግን ስርጭቱ ዋና ጥቅሙን ያጣል፣ ማታለልም ነው።

ቴክኒኩ ከሚፈራው ይቀልላል። እንደ ኦቢኤስ ያለ ነፃ የስርጭት ሶፍትዌር፣ ደህና ማይክሮፎንና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ለመጀመር ይበቃሉ። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ጥሎ ይወጣል። ከሁሉ የሚረሳው መዘግየት ነው። አፕል በ2009 ያስተዋወቀውና በስፋት የሚሠራበት ኤችኤልኤስ የተባለው የስርጭት ዘዴ ምስሉን በቁራጭ በቁራጭ ስለሚልክ ተመልካቹ ጋር የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ጥያቄው ሲደርስ ተናጋሪው ወደ ሌላ ነጥብ አልፏል። ስለዚህ ጥያቄ የሚሰበስብና ተገቢውን ጊዜ ጠብቆ የሚያነሳ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ዌብአርቲሲ የተባለው ዘዴ መዘግየቱን ከአንድ ሰከንድ በታች ያወርደዋል፤ በእሱ ለብዙ ሺህ ተመልካች ማሰራጨት ግን የበለጠ አቅም ይጠይቃል።

ውጤቱን በተመልካች ብዛት መለካት የተለመደ ስንፍና ነው። ከሺህ አላፊ አግዳሚ ይልቅ የግዥ ሥልጣን ያላቸው ሠላሳ ሰዎች ይሻላሉ። የሽያጭ ክፍሉ ማን ተመዘገበ፣ ማን እስከ መጨረሻው ቆየ፣ ማን ስለ መለዋወጫና ስለ ዋስትና ጠየቀ የሚለውን ይመዘግባል፤ ትኩስ እያለም ይደውላል። ተመዝጋቢው በአውሮፓ ኅብረት ያለ ሰው ከሆነ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ የጸናው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ስሙንና አድራሻውን ያለ ሕጋዊ መሠረት መጠቀምን ይከለክላል። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ በሰዓቱ ስለማይገኙ ቅጂው በኋላ ይላክላቸዋል፤ ለኮሚቴ አባላት የሚዘዋወረውም ይኸው ቅጂ ነው።

አደጋውም ከዚሁ ይነሳል። የተቀዳ ቃል ውል ሲደራደሩ «እንዲህ ብላችሁ ነበር» ተብሎ ይጠቀሳል። ተፎካካሪም በሌላ ስም ተመዝግቦ ይመለከታል፤ ከተናጋሪው ጀርባ ያለ ሰሌዳ ላይ የደንበኛ ስም ወይም የምርት ዕቅድ ተጽፎ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም። ዋጋም እንደ ገዥው መጠንና የክፍያ ሁኔታ ስለሚለያይ በአደባባይ አይነገርም፤ ጠያቂው በተናጠል የዋጋ ማቅረቢያ ይላክለታል።