በፊልም ገቢ «የሁለተኛው ሳምንት ማሽቆልቆል» ምንድን ነው?

በአሜሪካ አዲስ ፊልም ዓርብ ይከፈታል፤ እሁድ የሦስቱ ቀናት ገቢ ግምት ይወጣል፤ ሰኞ ትክክለኛው አኃዝ ይከተላል። የፊልም አፍቃሪዎች ጭቅጭቅም ያኔ ይጦፋል። «ሪከርድ ሰበረ»፣ «ከሰረ» የሚለው ፍርድ በአንድ ቀን ያልቃል። የፊልሙን ዕጣ በእርግጥ ማወቅ የፈለገ ሰው ግን ቀጣዩን ዓርብ ቢጠብቅ ይሻለዋል።

የሁለተኛው ሳምንት ማሽቆልቆል የሚባለው፣ ፊልሙ በሁለተኛው ዓርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ያስገባው ገንዘብ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምን ያህል በመቶ እንዳነሰ የሚያሳየው ስሌት ነው። መጀመሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎ 45 ሚሊዮን ያስገባ ፊልም 55 በመቶ ወርዷል። ለትልልቅ ፊልሞች ይህ የተለመደ ነው። ከ40 በመቶ በታች ከሆነ ተመልካቹ ወዶታል፤ ወደ 70 በመቶ ከተጠጋ ግን ነገሩ ተበላሽቷል።

ይህን ስሌት የማምንበት ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አዳራሹን የሚሞሉት ማስታወቂያው፣ የተዋናዩ ስምና የቀደመው ክፍል ናፍቆት ናቸው። ትኬት የቆረጠው ሰው ፊልሙን ገና አላየውም። በሁለተኛው ሳምንት የሚመጣው ግን ካየ ሰው ሰምቶ ነው። እህቱ «እንዳያመልጥህ» ብላው፣ ወይም የሥራ ባልደረባው እያዛጋ ስለ ፊልሙ አውርቶለት። ገንዘብ የማይገዛው ማስታወቂያ ይህ ነው።

ሁለት ፊልሞችን ጎን ለጎን እንያቸው። «ሀልክ» እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን አሜሪካ 62 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ተከፈተ፤ በሁለተኛው ሳምንት 70 በመቶ ገደማ ወርዶ 19 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ጠቅላላ ገቢው 132 ሚሊዮን ላይ ቆመ። «ታይታኒክ» ደግሞ በታኅሣሥ 1997 ሲከፈት ያስገባው 28.6 ሚሊዮን ብቻ ነበር። 200 ሚሊዮን ዶላር ለወጣበት ፊልም ይህ የሚያስደነግጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን መውረዱ ቀርቶ ከ35 ሚሊዮን በላይ አስገባ። የገና በዓል እንዳገዘው አይካድም፤ በዓል ይህን ስሌት ሁልጊዜ ያዛባል። ነገር ግን በዓሉ አልፎም ሰው አልቀረም። ፊልሙ በአንድ ቀን ከፍተኛውን ገቢ ያገኘው በዘጠነኛው ቅዳሜ፣ በፍቅረኞች ቀን ነበር፤ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ለ15 ተከታታይ ሳምንታት አንደኛ ሆኖ፣ በሰሜን አሜሪካ ብቻ 600 ሚሊዮን አለፈ። የመክፈቻውን ከ20 እጥፍ በላይ ማለት ነው፤ «ሀልክ» ሁለት እጥፍን ጥቂት ነው ያለፈው።

ስሌቱ ሁሉንም ፊልም በአንድ ሚዛን አይመዝንም። የአስፈሪ ፊልሞች ወዳጆች በመጀመሪያው ሌሊት ስለሚጎርፉ፣ ጥሩ አስፈሪ ፊልም እንኳ በኃይል ሊወርድ ይችላል። በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ተጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ፊልም ደግሞ ገቢው ቢያድግ አይገርምም። በ2002 በ108 ሲኒማ ቤቶች ብቻ የተከፈተው «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» አንድም ሳምንት አንደኛ ሳይወጣ ከ240 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል።

የእኛው ኃይሌ ገሪማም ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ ያውም ያለ ስቱዲዮ። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ በአሜሪካ የሚያከፋፍልለት አጣ። ስለዚህ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ማሳየት ጀመረ። ያየው ላላየው እየነገረ፣ ፊልሙ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ከከተማ ወደ ከተማ ተጓዘ። በኋላ እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ሲከፍቱ ስሙን «ሳንኮፋ» አሉት።