ምናባዊ ታካሚ እና እውነተኛ ሐኪም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሕክምና ተማሪ መርፌ መውጋትን በአሻንጉሊት ይለማመዳል። ለታካሚ ክፉ ዜና መንገርንስ የት ይለማመድ? ዛሬ በኮምፒውተር በተሠራ ክፍል ውስጥ፣ ከምናባዊ ታካሚ ጋር መለማመድ ይቻላል። ስለዚህ ነገር የሚባለው ሁሉ ግን ትክክል አይደለም።

«ርኅራኄ ተፈጥሮ ነው፤ አይማሩትም።»

ደግ ልብ ብቻውን አይበቃም። በ1984 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች የታካሚያቸውን ንግግር በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ እንደሚያቋርጡ አሳይቷል። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ለምዶባቸው ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ደግሞ በልምምድ ይቀየራል።

«ታካሚው የውሸት ስለሆነ የተማሪውም ስሜት የውሸት ነው።»

በ2006 የታተመ፣ ሜል ስሌተር የተባለ ተመራማሪ የመራው አንድ ሙከራ አለ። ተሳታፊዎቹ በኮምፒውተር የተሠራች ሴት በተሳሳተች ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲቀጧት ተነገራቸው። ሴትዮዋ በእውን እንደሌለች ሁሉም ያውቃሉ። ሆኖም እያዩዋትና እየሰሟት የቀጧት ሰዎች ተጨነቁ። ጭንቀቱ በሰውነታቸው ላይ ሳይቀር ተለካ። ሳይጨርሱ ያቆሙም ነበሩ።

ለትምህርቱ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ተማሪው «ካንሰር ነው» ብሎ ምናባዊቷ ታካሚ ስታለቅስ፣ እሱም ይርበተበታል። ቶሎ ብሎ ስለ መድኃኒት ማውራት ይጀምር ይሆናል። ግድ የለም፣ የተጎዳ ሰው የለም። ከመጀመሪያው ይጀምርና በዚህኛው ዙር ዝም ብሎ አብሯት ይቀመጣል።

«ውድ መነጽር ከሌለ አይሆንም።»

ይሆናል። መነጽሩ ዓይን ላይ ተደርጎ፣ በኮምፒውተር የተሠራውን ክፍል በዙሪያችን ያለ የሚያስመስል ነው፤ ብዙ ምናባዊ ታካሚዎች ግን በተራ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይሠራሉ። መነጽሩ አንዳንዱን ሰው ያጥወለውለዋልም።

«በመነጽሩ ራሱን በታካሚው ቦታ ያየ ሰው የታካሚውን ሕይወት ያውቀዋል።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ዓይናቸውን ተሸፍነው ለጥቂት ጊዜ ዓይነ ስውርነትን የሞከሩ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ከሙከራው በኋላ ዓይነ ስውራን ሠርተው ራሳቸውን ችለው መኖር እንደሚችሉ ያላቸው እምነት ቀነሰ። የቀመሱት የመጀመሪያውን ድንጋጤ ብቻ ነዋ! ዓይነ ስውሩ በዓመታት ያዳበረውን ብልሃት አላዩም። ስለዚህ ከልምምዱ ጎን ከሁኔታው ጋር የሚኖረውን ሰው ራሱን መስማት ያስፈልጋል።

«መምህሩን ይተካል።»

ኮምፒውተሩ ተማሪው ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ሊቆጥር ይችላል። ከልምምዱ በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ «ስታለቅስ ለምን ወደ ወረቀትህ አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው፣ መልሱንም በትዕግሥት የሚጠብቀው ግን መምህሩ ነው።