«ግቢያችን አረንጓዴ ነው» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲው ከከተማው ተለይቶ አይታይም። ፔዳ የግቢ ስም ብቻ አይደለም፣ የሰፈርም ስም ነው። ፖሊም እንደዚያው። ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የፔዳው መምህራን ኮሌጅ ደግሞ በ1972 ተቋቋሙ። በ2000 ተዋሃዱና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። ዛሬ የዘንዘልማንና የይባብን ግቢዎች፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታልንም ስንጨምርበት ተቋሙ ራሱ አንድ ከተማ ያህላል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በየቀኑ ይበላበታል፣ ይታጠብበታል፣ ያድርበታል።

ስለ ዩኒቨርሲቲ ዘላቂነት ሲወራ የምሰማው ግን ከዚህ የዕለት ኑሮ የራቀ ነው። ዘላቂነት ቃሉ ከበድ ይላል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። የዛሬ ፍላጎታችንን ስናሟላ ከእኛ በኋላ የሚመጡትን ሰዎች ድርሻ አንብላ ነው ነገሩ። በተባበሩት መንግሥታት የተቋቋመ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1987 የሰጠው ትርጉምም በአጭሩ ይኸው ነው። ከተማሪዎች፣ ከአስተማሪዎችና ከጎረቤቶቼ ጋር ስናወራ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስሕተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ጉዳዩ ያንገበግበኛል። እኛ ከተማ ውስጥ ከግቢ የወጣ ፍሳሽ መጨረሻው ወይ ጣና ነው ወይ ዓባይ።

«ዘላቂነት ማለት ችግኝ መትከል ነው»

ክረምት ሲገባ ሁሉም ይተክላል። ፎቶ ይነሳል። መትከሉ ጥሩ ነው፤ እኔም እተክላለሁ። ችግሩ የሚመጣው ጥቅምት ላይ ነው። ባሕር ዳር አብዛኛውን ዝናብ የምታገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ደረቅ ወራት ችግኙን ማን ያጠጣዋል? መጋቢት ላይ የደረቀውን ችግኝ ሐምሌ ላይ ማን እንደተከለው የሚያስታውስ የለም። በቀጣዩ ክረምት እዚያው ጉድጓድ ላይ ሌላ ይተከልና እንደ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ «ስንት ተከላችሁ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «የአምናው ስንቱ ጸደቀ?» ብንል ይሻላል።

የዛፉ ዓይነትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ለማገዶና ለግንባታ ይሆናል፤ ገበሬው የሚወደው ያለምክንያት አይደለም። ግን ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያስበቅልም። ለግቢ ጥላ ከሆነ የተፈለገው ዋንዛ አለ፣ ሾላ አለ፣ ዋርካ አለ። ወፉም ይወዳቸዋል።

እዚህ ላይ የጣና ባሕረ ገብ መሬት የሆነችውን ዘጌን ሳላነሳ አላልፍም። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን የምናየው ያ ጫካ፣ ቡናው ከአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ በዘመቻ የተተከለ አይደለም። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው። ጫካውን ያቆየው ይህ የዕለት ተዕለት ደንብ ነው። ምን አይቆረጥም፣ ምን አይታረስም፣ ማን ይጠብቃል የሚለው ነገር ታውቆ ያደረ ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ከዘጌ የሚማረው ብዙ አለው። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ስንት ትልልቅ ዛፍ እንደሚወድቅ ቀድሞ መጠየቅ ሺህ ችግኝ ከመትከል አያንስም።

«ጣና አጠገባችን ነው፣ ውሃ አያልቅብንም»

ይህንን ስሰማ በጣም እደነግጣለሁ። በመጀመሪያ ደረጃ ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ በአመዛኙ ከሐይቁ የተቀዳ አይደለም። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችው በምንጮችና በጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ያ ውሃ በፓምፕ ይሳባል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ተገፍቶ ፎቅ ይወጣል። እያንዳንዱ ጀሪካን የኤሌክትሪክ ሒሳብ አለበት። ሐይቁ በዓይናችን ስላለ ቧንቧው የማይነጥፍ ይመስለናል። እዚያው ሐይቁ ዳር ሆኖ ግን ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ የሚፈልግ ሰፈር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። በሴኮንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 86,400 ጠብታ ይጥላል። አራቱ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህላል ብንል ከ21 ሊትር በላይ ነው። አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይፈሳል ማለት ነው፣ በየቀኑ። በአንድ የዶርም ሕንፃ አሥር እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች ካሉ አሥር ጀሪካን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መቀየር ብቻ ነው። የሽንት ቤት ታንከር ሳይዘጋ ሲያድር ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈሳል፤ ድምፁም ስለማይሰማ ለሳምንታት ማንም ልብ አይለውም።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጣና ራሱ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ጥልቅ ይመስለናል። ግን ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር ነው፣ በጣም ጥልቅ የሚባለውም ቦታ 14 ሜትር ገደማ። ሰፊ ሳሕን በሉት። ሳሕን ላይ የገባ ቆሻሻ የሚሸሸግበት የለውም።

ከተማችን ውስጥ ደግሞ ብዙው ሕንፃ የራሱ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ነው ያለው። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያድርበት ግቢ ታንኩን በጊዜው ካላስመጠጠ፣ ክረምት ሲመጣ የሞላው ይገነፍላል። ጎርፉ ይዞት ይወርዳል። ወዴት እንደሚወርድ መናገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ አንድ ግቢ ለአካባቢው ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ማወቅ የፈለገ ሰው የአበባውን መስመር ትቶ የፍሳሹን መስመር ይከተል።

«እምቦጭ የሰሜኑ ዳርቻ ችግር ነው፣ ዘመቻ ወጥተን ከነቀልነው ያልቃል»

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ፍሬውም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ተማሪዎች ውሃ ውስጥ ገብተው ሲነቅሉ አይቻለሁ፤ እጃቸው ውሃ እስኪቋጥር። ልፋታቸውን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የተነቀለው ቦታውን ለሌላ ይለቃል፣ ምግቡ እስካለ ድረስ።

ምግቡ ምንድን ነው? ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ይህም የሚመጣው ከማሳ ታጥቦ ከሚወርድ አፈርና ማዳበሪያ ነው፤ ርብና ጉማራ ወንዞች በየክረምቱ የሚያመጡት ደለል ይህንን ይዞ ነው የሚገባው። ከከተማ ፍሳሽም ይመጣል፣ ከሳሙናና ከሽንት ቤት። እንግዲህ ቅዳሜ እምቦጭ ነቅሎ እሑድ ፍሳሹን ወደ ቦይ የሚለቅ ግቢ በአንድ እጁ የሚነቅለውን በሌላው እየቀለበ ነው።

ደንገሉንም እናስብ። ሐይቁ ዳር የነበረው ደንገልና ረግረግ ደለሉን ያስቀራል፣ ውሃውን ያጠራል። ለነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ደግሞ ታንኳ ነው፣ እንጀራ ነው። ረግረጉ በአፈር ተደፍኖ ሕንፃ ሲበቅልበት ማጣሪያችንን ነው የደፈንነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ሐሳቡ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚኖሩበት ቦታ እንዲሆን ነው። ሐይቁ ዳር ያለ የትምህርት ተቋም ደግሞ ይህንን ለማሳየት ከማንም ይቀድማል።

«መብራታችን ከውሃ ነው፣ ስለዚህ ቢባክን ጉዳት የለውም»

እውነት ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ጭስ የለውም። ግን ከየትኛው ውሃ? 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ውሃውን የሚወስደው ከራሱ ከጣና ነው፣ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚበራ መብራት ያንን ውሃ ነው የሚበላው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተሩ ይነሳል፤ እሱ የሚጠጣው ናፍጣ ነው።

ከሁሉ በላይ የምንረሳው ግን ማብሰያ ቤቱን ነው። ብዙ ሕዝብ የሚመግቡ ትልልቅ ኩሽናዎች አሁንም ወጡንም እንጀራውንም በማገዶ ይሠራሉ። ለፊት በር ላይ ችግኝ ተክሎ በጓሮ በር በአይሱዙ እንጨት የሚያስገባ ግቢ አይቻለሁ። ጭሱን የምትውጠው ደግሞ ምጣድ ላይ የቆመችው እናት ናት። ዓይኗ ቀልቶ፣ ሳሏ አልለቅ ብሎ።

«የምግብ ትርፍራፊ ይበሰብሳል፣ ምንም አይጎዳም»

መበስበሱ ነው ችግሩ። አየር በሌለበት ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይበረታል። ያው ጋዝ ግን ባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ቢሠራ ምጣድ ያግላል፣ የሚቀረው ዝቃጭም ማዳበሪያ ይሆናል። የእንጀራውን ትርፍ ከፌስታልና ከሃይላንድ ጠርሙስ ለይቶ መጣል ብቻ ነው መነሻው። ሳይለይ ግን ምንም አይሆንም፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህች ጋ ነው።

«ይህ ገንዘብ ላላቸው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ነው»

ቧንቧ መጠገን ርካሽ ነው። ቆሻሻ መለየት ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው ሳይጠገን ሲቀር ነው፤ የውሃና የመብራት ሒሳቡን፣ የማገዶውን ግዢ፣ የማስመጠጫውን ወጪ ደምሩት። በእርግጥ የፍሳሽ ማጣሪያ መሥራት ብዙ ብር ይጠይቃል። ለዚያ በጀት መጠየቅ ግን ለአጥርና ለመግቢያ በር ከመጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

«ማኅበራዊው ጎን በጎ አድራጎት ነው»

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ይኸኛው ነው። ለበዓል ዘይትና ዱቄት ማከፋፈል መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን በጽዳት ድርጅት በኩል የተቀጠረችው ሴት ደመወዟ ሲዘገይ፣ ባልተሰጣት ጓንት ፋንታ ፌስታል አጥልቃ ሽንት ቤት ስታጸዳ፣ የበዓሉ ዘይት አይክሳትም። ዩኒቨርሲቲው «ቀጣሪዋ እኔ አይደለሁም» ማለት ይችላል። ውሉን የፈረመው ግን እሱ ነው። ውሉ ውስጥ ደመወዝ በጊዜው ይከፈል፣ የሥራ ልብስ ይሰጥ የሚል አንቀጽ ማስገባትም በእጁ ነው። 17ቱ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ሲዘረዘሩ ክብር ያለው ሥራ፣ የሴቶች እኩልነትና ድህነትን ማጥፋት ከአየር ንብረት ጋር እኩል ተቀምጠዋል።

አካል ጉዳተኞችን ተመልከቱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች አካል ጉዳተኞች የሚገለገሉባቸው እንዲሆኑ አዟል። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ግቢ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ጓደኛ ነበረን። መወጣጫው ተሠርቶለታል፣ ግን ከመሬቱ ጋር አንድ ስንዝር ልዩነት ነበረው። በየቀኑ ሁለት ሰው ያነሳው ነበር። ሰው ማንሳት አልከበደንም። እሱ ግን ሰው እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ መጠበቁ ይከብደው ነበር። አንድ ቀን «ፈተና እንኳ የምገባው በናንተ ሰዓት ነው» አለን። ጥገናው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይፈጅም ነበር።

ግቢው ሲሰፋም የሚሰፋው በሰው ማሳ ላይ ነው። ካሳ ተከፍሎ አለቀ ይባላል። ካሳው ካለቀ በኋላ ያ ገበሬና ልጆቹ ከአጥሩ ውጭ ምን እየሠሩ ነው? ለመመገቢያው ሽንኩርትና ቲማቲም ከማን ይገዛል? ጥበቃና አትክልተኛ ሲቀጠር ቅድሚያ ለማን ይሰጣል? እነዚህ የግዢና የቅጥር ክፍሉ ጥያቄዎች ናቸው። መልሳቸውም በየወሩ ደረሰኝ ላይ ይታያል።

«ይህ የአካባቢ ሳይንስ መምህራን ሥራ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1990 ፈረንሳይ ታሎዋር ላይ የተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲ መሪዎች ባለ10 ነጥብ መግለጫ ፈርመው ነበር። አንዱ ነጥብ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው አሠራር፣ በቁጠባና ቆሻሻን በመቀነስ አርአያ ይሁኑ ይላል። አርአያነቱ ደግሞ ከአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ አይመጣም። ግዢ፣ ጥገና፣ ምግብ ቤት፣ የተማሪዎች አገልግሎት፣ ጥበቃ፣ ሁሉም አለበት።

አንድ ጊዜ ለአንድ ጥናት ስንዘጋጅ የዶርም ቧንቧዎችን ለመቁጠር ፎርም ይዘን ወጣን። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ደረጃ የምታጸዳ እናት አገኘን። ምን እንደምንፈልግ ነገርናት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ በጣቷ እየቆጠረች ነገረችን። ሁለተኛ ፎቅ የግራው ሻወር፣ ሦስተኛ ፎቅ ሁለቱ እጅ መታጠቢያዎች፣ አራተኛ ፎቅ ታንከሩ ሌሊቱን ሙሉ ይፈሳል። ዞረን ስናየው አንድም አልሳተችም። «ለምን እስካሁን አልተናገርሽም፣ እትዬ?» አልናት። «ስድስት ዓመቴ ነው ልጆቼ» አለች፣ «የጠየቀኝ ሰው የለም።»